አንድ ሜትር ከአሥር

እናትየው ስለ በዓሉ የወሰነችውን ያሳወቀችው የታጠበ አንሶላ የሬሳ ሳጥን ክዳን ላይ እያሰጣች ነው።

«ዘንድሮ የሚገዛ ነገር የለም» አለች አንሶላውን እያራገፈች። «ያለንን አጥበን፣ ያለንን አብስለን፣ የምናውቀውን ዘምረን እናከብራለን። ጌታ የተወለደ ዕለት ማርያም ገበያ አልወጣችም።»

«ሰብአ ሰገል ግን ወጥተዋል» አለች ትልቋ ልጅ። «ወርቁን ከጓሯቸው ነቅለው አላመጡትም።»

«አንቺ መጋዝ፣ ምላስሽን ተይና ያንን ጫፍ ያዢ።»

መጋዝ የክርስትና ስሟ አይደለም። አባቷ አናጢ ስለሆነ፣ ምላሷም ፊቷ የቆመውን ሁሉ ገዝግዞ ስለሚጥል፣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ያወጣላት ስም ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠችው እናቷ በታመመች ጊዜ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነው። አስተማሪዋ መቅረቷን ሲሰሙ «እንግዲህ እኔም ጉሮሮዬን ላሳርፍ» አሉ ይባላል፤ እሷ ይህንን እንደ ምስክር ወረቀት ቆጥራ ላገኘችው ሁሉ ታወራዋለች።

ቤታቸው ከአባትየው መሥሪያ ጀርባ የተለጠፉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አባትየው በርም፣ ወንበርም፣ አልጋም ይሠራል። ግን ሰው በር የሚያሠራው በዕድሜው አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፤ ይህንን ቤት ያቆመው የሬሳ ሳጥን ነው። ልጆቹ ከሳጥን ጋር አድገዋል። ድብብቆሽ ሲጫወቱ የሚደበቁት እዚያው ውስጥ ነው። እንግዳ መጥቶ ፊቱ ሲለዋወጥ ካየች፣ መጋዝ «አይፍሩ፣ ባዶ ነው፤ እግረ መንገድዎን ልክዎን እንውሰድ?» ትላለች። ኩርኩም የምትቀምሰውም ለዚሁ ነው።

አባትየው ቃሉ ቁጥብ ነው፤ ሥራው ግን ሕግ አለው። አንደኛ፣ ሰው ሳይሞት ሳጥን አይሠራም። ሌሎቹ አናጢዎች እንደ ዳቦ አዘጋጅተው በራቸው ላይ ይደረድራሉ፤ እሱ ወሬው ሳይደርሰው ጣውላ አይነካም። «ሞትን ሳይመጣ አልጠራውም» ይላል። ሁለተኛ፣ የሚኖር ዕቃ ኮላ ይቀባል፤ ነገ የሚፈታ ወይም አፈር የሚበላው ደግሞ በብሎን ብቻ ይታሰራል። ወንበር ኮላ፣ ሳጥን ብሎን። ሦስተኛ፣ የሳጥን ውስጡን አያለሰልስም። «ተኝቶበት የሚቆረቁረው የለም» ነው መልሱ።

በየዓመቱ ለልደት በዓል ደግሞ ከቁርጥራጭ እንጨት መዳፍ የምታክል ግርግም ሠርቶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ባዶ የክር እንጨት ሕፃኑ ይሆናል። የቤቱ ጌጥ ይኸው ነው፤ ሌላ ኖሮም አያውቅ።

ዘንድሮ ግን ታናሽየዋ የራሷን ትእዛዝ አመጣች።

ታናሽየዋን ሰጋቱ ይሏታል። ስትድህ መሥሪያው ውስጥ እየገባች ሰጋቱራ ለብሳ ስለምትወጣ፣ እንጨቱ የሰጣት ስም ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ደረቷን ታማለች። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፤ ከዚያ ሁለቱ ተዋውቀው አብረው መኖር ጀመሩ። የምግብ ጠረጴዛው ባለፈው ወር ከቤት ወጥቶ መድኃኒት ሆኖ ተመለሰ። መድኃኒቱም አለቀ። አሁን የሚበሉት ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው።

«አባዬ» አለችው ሰጋቱ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ «የዘንድሮው ግርግም ትልቅ ይሁን።»

«ምን ያህል?»

«እኔ የምተኛበት።»

«የክሩ ሕፃንስ ወዴት ይሂድልሽ?» አለች መጋዝ።

«አቅፈዋለሁ።»

አባትየው እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። «እናያለን» አለና ወጣ።

በዚያው ሳምንት ሁሉም ሲስተር የሚላት የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ የልጅቷን ደረት አዳመጠች። ስትወጣ አባትየውን በር ላይ ለብቻው ያዘችው። ሲመለስ እናትየው «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች።

«ሙቅ ሙቅ ነገር ትጠጣ አለች።»

«ይህንን ለመናገር ነው በር ድረስ የወሰደችህ?»

እሱ ወደ መሥሪያው ገባ። እስኪመሽም የመላጊያው ድምፅ አላቋረጠም።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው እናትየው መጋዝን የሻማ ጉማጅ እንድታመጣ ላከቻት። አባትየው ብሎን ከማስገባቱ በፊት ሻማ ላይ ያሸዋል፤ እንጨቱን ሳይታገል ሰተት ብሎ እንዲገባ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ የሚያጠራቅምለት ጉማጅ በጣሳ ሞልቶ መሥሪያው ውስጥ አለ። እናትየው ያንን አቅልጣ ለበዓሉ አንድ ወፍራም ሻማ ልትሠራ አስባለች።

አባትየው ጣውላ ሊያመጣ ወጥቷል። ጣሳው ከመደርደሪያው ላይ የለም። መጋዝ ወዲያ ወዲህ ብላ ስታጣው ጥጉ ላይ የተነጠፈውን ሸራ ገለጥ አደረገች። ጣሳው እዚያ ነበር። አጠገቡ ደግሞ ትንሽ ሳጥን።

መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። እዚህ ቤት ሳጥን ማየት ሌላ ቤት ድስት እንደማየት ነው። የማን ልጅ ይሆን ብላ ሜትሩን ከተሰቀለበት አወረደች፤ የአናጢ ልጅ ያየችውን ሳትለካ አታልፍም። አንድ ሜትር ከአሥር።

«ቤቶች» የሚል ድምፅ ከበር መጣ። መቃብር ቆፋሪው ጋሽ አካፋ ናቸው። እሳቸውም ይህ ስማቸው አይደለም፤ እውነተኛውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እሳቸው እጅ አልፎ አፈር ለብሷል።

«ይግቡ ጋሽ አካፋ። ዛሬ ማንን ይዘውልን መጡ?»

«ልብስ ሰፊውን። ሌሊቱን አረፈ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ረጅም ነው፤ ለአባትሽ ልኩን ልነግረው ነበር።» ከዚያ ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ አረፈ። «ይቺስ የማን ናት?»

«እርስዎ እያሉ እኔን ይጠይቁኛል? የሰፈሩን ሟች ሁሉ በጣትዎ የሚቆጥሩት እርስዎ።»

«ኧረ እኔ ጋ ልጅ የለም።» በእውነትም በጣታቸው ቆጠሩ። «ልብስ ሰፊው አለ። የወፍጮ ቤቷ አሮጊት አለች፤ እሷ እንኳን ገና ናት፣ ልጆቿ ቸኩለው ነው የነገሩኝ። ልጅ ግን በዚህ ወር አንድም አልተነገ…»

ከግድግዳው ወዲያ ሰጋቱ ሳለች። ረጅም ሳል ነው፤ እንደ ደነዘ መጋዝ እየጎተተ የሚሄድ። ጋሽ አካፋ እስኪያልቅ ጠበቁ። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉት፤ መጋዝን ሳያዩ «አባትሽን ሰላም በይልኝ» ብለው ወጡ። የልብስ ሰፊውን ቁመት ሳይናገሩ።

መጋዝ ሜትሩን መልሳ ጠቀለለችው። እጇን ወደ ሳጥኑ ውስጥ ሰደደች። አንድም ስንጥር አልወጋትም። ከራስጌ እስከ ግርጌ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

አባትየው ጣውላ ተሸክሞ ሲገባ ሸራው ተገልጦ፣ ልጁን ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አገኛት።

«ይሄ የማን ነው አባዬ?»

ጣውላውን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ሸራውን መልሺው።»

«ጋሽ አካፋ ልጅ አልተነገረኝም አሉ።»

«መልሺው አልኩሽ።»

«ውስጡን አለስልሰኸዋል» አለች።

አባትየው ጣውላ አሳርፎ የሚገዘግዝበት ትሪስፔድ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ የዕድሜውን እጥፍ የኖረ ሰው መሰላት። «ከበዓሉ በኋላ ጣውላ መሰንጠቂያው ሁለት ሳምንት ይዘጋል» አለ። «አምና በተዘጋ ጊዜ የጋጋሪውን ልጅ በምን እንደቀበርነው ታውቂያለሽ። በሻይ ቅጠል ማሸጊያ ጣውላ። ጽሑፉን ፍቄ ፍቄ አልለቅ አለኝ። ከእርጥበት ይጠበቅ ይላል፣ ጎኑ ላይ። እናቱ ማንበብ ባትችል ይሻላት ነበር።» እጆቹን አያቸው። «ልጄን እንደዚያ አላደርጋትም።»

«ሲስተር ምን አለችህ?»

«ከበዓሉ ካለፈች እግዜር ያውቃል አለች።»

«እና እግዜር እስኪያውቅ ድረስ አንተ ቀደምከው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ንግግር በጥፊ ነበር የሚያልቀው። አባትየው ግን «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» ብቻ አላት።

«ሞትን ሳይመጣ አልጠራውም ስትል አልነበር?»

«ውጪልኝ መጋዝ። ውጪ የኔ ልጅ።»

የኔ ልጅ ብሏት አያውቅም። ከጥፊው ይልቅ ይህ አስፈራት። ጣሳዋን ይዛ ወጣች። አንጀቷን የበላት የሰጋቱ መታመም ብቻ አልነበረም፤ እሱን እየለመደችው ነበር። አባቷ ለክቶ የሠራው ነገር ሳይገጥም ቀርቶ አያውቅም። በርም ይሁን ሳጥን፣ እሱ ልክ ከወሰደ በቃ፣ ይገጥማል። አሁን ልክ ወስዷል። ያ ሳጥን እዚያ ጥግ ቆሞ እስካለ ድረስ ሰጋቱን እየጠበቃት ነው።

ሁለት ቀን ነገሩን በሆዷ ይዛ ዋለች። መጋረጃው ታጥቦ እርጥቡን ተሰቀለ። እናትየው የመጋዝን የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር አውጥታ ኮከብ ቆረጠችበት፤ የአስተማሪው ቀይ ብዕር ያልነካው ገጽ ስለሌለ ቀለም መቀባት አላስፈለገም። ድንቹ ተለቀመ፤ የበሰበሰው ተለይቶ ግማሽ የበሰበሰው ተጠርቦ ዳነ።

«አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?» አለች እናትየው በዋዜማው ረፋድ፣ ሻማውን እያቀለጠች። «ሁለት ቀን ሙሉ ማንንም አልሰደብሽም።»

«ለበዓሉ እየጾምኩ ነው።»

«ይህንንማ ቄሱም አያምኑሽ። ሂጂ የትናንት ዳቦ ካላቸው አምጪ፣ ሳይደርቅ።»

የልብስ ሰፊው ቀብር የሩቅ ዘመድ እስኪደርስ ቆይቶ ነበርና አባትየው ሳጥኑን በጋሪ ይዞ ሄዷል። መጋዝ ዳቦውን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትመለስ እናትየው ምድጃው ላይ እንዳጎነበሰች ናት። ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘለቀች። የሰጋቱ አልጋ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱም የለም።

«እማዬ፣ ሰጋቱስ?»

«ተኝታለች።»

«የለችም።»

እናትየው ማንኪያውን በእጇ እንደያዘች ብድግ አለች። ወደ መሥሪያው የሚወስደው በር ገርበብ ብሏል። መጋዝ ዳቦውን ጥላ ሮጠች፤ እናቷን ልትቀድም። አልቀደመቻትም።

ሸራው መሬት ላይ ተጥሏል። ሰጋቱ የመላጊያውን ፍቅፋቂ በእቅፏ እያመላለሰች ሳጥኑ ውስጥ ጎዝጉዛ፣ ብርድ ልብሷን ለብሳ፣ የክሩን ሕፃን ደረቷ ላይ አስተኝታ በጀርባዋ ተንጋላለች። ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል፤ ዓይኗ ግን ይስቃል።

«አያችሁ» አለች፣ ትንፋሽ እያጠራት። «አባዬ ግርግሙን ሠርቶልኛል። ለነገ ሊያስገርመኝ ደብቆት ነበር፤ ፈልጌ አገኘሁት። ልክ ነው እኮ። እግሬም አልተረፈ፣ ራሴም አልተረፈ።» እጇን ጎኑ ላይ አሸት አሸት አደረገች። «ደግሞ ይለሰልሳል።»

ሌላ ቤት ያደገች ልጅ ብትሆን አይታው ትሸሽ ነበር። እሷ ግን ሳጥን ውስጥ ተደብቃ፣ ሳጥን ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ያደገች ናት፤ ምኗ ይሸሻል።

እናትየው ደፉ ላይ ቆመች። የማንኪያው ሻማ እየረጋ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የሳጥን ሠሪ ሚስት ሆና ኖራለች፤ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ብሎኖቹን አየች። ኮላ አለመኖሩን አየች። ጎኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ልክ አየች። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ክዳን አየች።

«ደስ ይላል?» አለች በመጨረሻ፣ የእሷ ባልሆነ ድምፅ።

«በጣም ደስ ይላል። እማዬ፣ ግርግም ክዳን አለው እንዴ?»

«የለውም» አለች እናትየው። «ግርግም ክዳን የለውም።»

ጎንበስ ብላ ከነብርድ ልብሷ፣ ከነፍቅፋቂዋ አነሳቻት። ስታልፍ ወደ መጋዝ ዞረች። «ታውቂ ነበር?»

መጋዝ መሬት መሬቱን አየች። 

አባትየው ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ ሚስቱ መሥሪያው ውስጥ፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ትጮኻለች ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ነበር። አልጮኸችም።

«ነገ የምንበላበት ጠረጴዛ የለንም» አለች።

«እህ?»

«ጠረጴዛ። በዓል ነው፣ በጉልበታችን ላይ አንበላም። ይህንን ፍታና ጠረጴዛ ሥራልኝ።»

«ስሚኝማ፣ ሲስተር እኮ…»

«ሰምቼሃለሁ። አንድ ሜትር ከአሥር አድርገህ ነግረኸኛል። ፍታው።»

ካቻቢቴውን አነሳ። ብሎኖቹ ሻማ ስለጠጡ ያለ ልፋት እየተሽከረከሩ ወጡ። መጋዝ እየተቀበለች በጣሳ አጠራቀመቻቸው።  ክዳኑና ወለሉ ጎን ለጎን ገጥመው ገበታ ሆኑ፣ ጎኖቹ በታች ዙሪያውን ያዙ፣ አራት የቁርጥራጭ እግር ተበጀለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠረጴዛው ቆመ። ለአራት ሰው ጠባብ ነው፤ ግን ጠረጴዛ ነው። መጋዝ ያን ቀን ማታ ሦስት ሰው ሰደበች።

በበዓሉ ጠዋት አባትና ትልቋ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መጡ። እናትየው ከሰጋቱ ጋር ቀርታ፣ ያንኑ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ አንጥፋ፣ በመካከል ሻማዋን አቁማ ጠበቀቻቸው። ሻማው ከሃምሳ ሰው ጸሎት የተረፈ ስለሆነ ቀለሙ ዝንጉርጉር ነው። የድንች ሾርባ አለ። ዳቦው በእንፋሎት ነፍስ ዘርቷል። ከላያቸው የሒሳብ ኮከቦች ይወዛወዛሉ። መስኮቱ ላይ ግርግም አልነበረም፤ የክሩ ሕፃን እዚያው ደረቁን ተኝቷል።

አባትየው የልደቱን ታሪክ ከአሮጌው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመረ። ሕፃኑ የተኛበት ቦታ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።  መጋዝ መጽሐፉን ሳብ አድርጋ በአምስተኛ ክፍል ንባቧ እየተደናቀፈች ጨረሰችው።

ሰጋቱ እናቷ ጭን ላይ ናት። ሌሊቱን ብሶባት ነበር ያደረችው፤ ከንፈሯ ደርቋል። አንድ ማንኪያ ዋጠች። ሁለተኛውን አቆይታ ዋጠች። ሦስተኛውን ስትወስድ ሳል መጣና ማንኪያው ከእናቷ እጅ አምልጦ ወደቀ።

«እኔ አነሳዋለሁ» አለች መጋዝ፣ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ።

ሥሩ ገና አዲስ እንጨት እንጨት ይሸታል። ማንኪያውን ስታነሳ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ብሎኖች፤ በረድፍ፣ ያብረቀርቃሉ። በጣቷ መገጣጠሚያውን ዳበሰች። ደረቅ ነው። ኮላ ሲጫኑት ከስንጥቁ የሚያወጣው ነጭ ጠርዝ የለም፤ በየትኛውም ማዕዘን የለም። የጎኑ ጣውላ በሙሉ ርዝመቱ ነው፣ አንድ ጣት ታህል እንኳን አልተቆረጠለትም። አጠገቡ የአባቷ እርሳስ ጽሑፍ አልጠፋም፤ ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል።

ለጊዜው የቆመ ነገር ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ በካቻቢቴ ለመፈታት፤ ጣውላው ሳይነካ፣ ልኩ ሳይነካ።

ከሥር ስትወጣ ሾርባውን አላየችም፤ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ኮላ ረስተሃል።»

የእናትየው እጅ ባለበት ቆመ። አባትየው ዳቦውን ቆረሰ፤ አልጎረሰውም።

«አልረሳሁም» አለ በዝግታ።

መጋዝ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሄዳ የኮላውን ቆርቆሮና ብሩሹን አምጥታ ከዳቦው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው።

«በበዓል ቀን ሥራ አይሠራም» አለ አባትየው። የተናገረው ለኮላው ነው የሚመስለው።

እናትየው ተነሳች። ሰጋቱን በአንድ እጇ እንደያዘች ሻማውን አነሳች። መስኮቱ ላይ፣ ከክሩ ሕፃን አጠገብ አስቀመጠችው። ተመልሳ ዳቦውን አነሳች። ሳህኖቹን አነሳች፤ የእሱን ከፊቱ ላይ ገና ትኩሱን አነሳችበት። መጨረሻ አንሶላውን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ራቁቱን ቀረ።

አባትየው ገበታውን በመዳፉ ዳበሰው። ከዚያ ከኪሱ ካቻቢቴውን አወጣ። ካቻቢቴው የበዓል ልብሱ ኪስ ውስጥ ነበር።

ብሎኖቹን አላላቸው፤ ገበታውን ከፍ አደረገው። ብሩሹን ነክሮ ወደ እንጨቱ አስጠጋና በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ጋ ሲደርስ ገታው፤ ኮላው መሬት ተንጠባጠበ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፀጉር ታህል ያልሳተ እጅ ነው። መጋዝ ብሩሹን ከጣቶቹ መሃል ወሰደችና ራሷ ቀባችው፤ ጠርዝ ጠርዙን፣ መገጣጠሚያውን፣ እርሳስ የተጻፈበትንም ጭምር። ሲበዛ ያባክናል ብሎ አልተቆጣትም። ገበታውን መልሰው ጫኑት። ብሎኑን አጠበቀ።

«ካልተጫኑት አይዝም» አለ። «ሞርሳው ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጋር የታሰረ ነው፤ እዚህ አይመጣም። በእጅ ነው።»

እሱ አንዱን ማዕዘን ተጫነ። መጋዝ ሁለተኛውን። እናትየው ሦስተኛው ጋ ቆመች። አራተኛው ባዶ ነበር።

«እኔስ?» አለች ሰጋቱ።

እናትየው በብርድ ልብሱ ጥቅልል አድርጋ አራተኛው ማዕዘን ላይ አስቀመጠቻት፣ በአንድ እጇም ጀርባዋን ደገፈች።

«ከብጃለሁ?»

«ዝሆን ነሽ» አለች መጋዝ። እውነቱን ለመናገር እንጨቱ ሰው መቀመጡንም አላወቀ።

«እስከ መቼ ነው የምንጫነው?»

«እስኪይዝ» አለ አባትየው።

«ግርግሜስ?»

«ይኸው፣ ላዩ ላይ ተቀምጠሻል።»

ሰጋቱ ወደ ታች አይታ ነገሩን አሰበችበት። ከዚያ ሳሉ መጣ። ትንሿ ጀርባዋ ታጥፎ ተዘረጋ፣ ታጥፎ ተዘረጋ፤ ጠረጴዛው አብሯት ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቱ ላይ የሻማው ነበልባል ተወዛወዘ። ከአራቱም ስንጥቅ ኮላው ነጭ ክር እየመሰለ ወጣ። ማንም እጁን አላነሳም።